ጉብኝትና ጥየቃ

አገሬ ጮሌ ነው፤ እኔ ግን አይደለሁም።

ይህን ቀድሜ መናገር የጀመርኩት ወድጄ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ «የየት አገር ሰው ነህ?» ተብዬ «የጮሌ» ካልኩ አጠገቤ ያለው ሁሉ ኪሱን ይዳስሳል። ጮሌ አርሲ ደጋ ላይ ያለች፣ ገብስና ስንዴ የማያጣት፣ በድሮው አከላለል ከአርባ ጉጉ አውራጃ የምትቆጠር ከተማ ናት። አማርኛ ግን ፈጣኑን ፈረስም ብልጣ ብልጡን ሰውም «ጮሌ» ስለሚል እኛ መሃል ገብተን ቀረን። የፈረሱን ትርጉም ኃይሌ ከአሰላ፣ ደራርቱ ከበቆጂ ተነስተው ዓለምን እየዞሩ ወሰዱት። ለእኛ የተረፈን ሌላኛው ነው።

እኔ ፈረስም ብልጥም አይደለሁም፤ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። 33 ዓመት ሙሉ ያላየሁትን ሳስተምር ኖሬአለሁ። አልፕስን በነጭ ጠመኔ፣ ሰሃራን በቢጫ፣ ባሕርን በሰማያዊ። ሰማያዊው ጠመኔ ሁልጊዜ ቀድሞ ስለሚያልቅ ተማሪዎቼ የሚያውቁት የህንድ ውቅያኖስ ግማሹ ነጭ ነው። በየዓመቱ አንድ ልጅ እጁን ያወጣና «ቲቸር፣ ባሕር ምን ይመስላል?» ይላል። «ሰማያዊ ነው፤ ሲቀምሱት ጨው ጨው ይላል» እላለሁ፣ እንደቀመሰ ሰው ከንፈሬን እየላስኩ።

የራሴ ልጆች ደግሞ ትምህርቱ በደንብ ገብቷቸው ካርታው ላይ ተበተኑ። ትልቋ ሮም፣ መካከለኛው ጀርመን አገር ኮሎኝ፣ ትንሿ ለንደን። አምና ሦስቱ መክረው፣ ወጪውን ተከፋፍለው፣ «አባዬና እማዬ ክረምቱን እኛ ጋ ይክረሙ» አሉ። ስምንት ሳምንት፣ ሦስት አገር። እኔ የዚያኑ ለት ማታ ደብተር አውጥቼ የማያቸውን ነገሮች መዘገብኩ፤ 31 ሆኑ። ተራ ቁጥር አንድ ላይ የጻፍኩት «ባሕር» ብዬ ነው። ባለቤቴ በነጋታው ወፍጮ ቤት ሄዳ ለበርበሬ ወረፋ ያዘች።

ለጣልያንና ለጀርመን አንድ ቪዛ ይበቃል፤ ለእንግሊዝ ግን ለብቻው ተጠይቆ ለብቻው ይከፈላል። ከሄድንባቸው ቢሮዎች በአንዱ የጋብቻ ወረቀት፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የቤት ካርታ ደርድረን ስናበቃ «ተመልሳችሁ ለመምጣታችሁ ምን ማስረጃ አላችሁ?» ተባልን። እኔ ስቴትመንቱን አየሁት፤ እሱም አየኝ፤ ተፋፈርን። ባለቤቴ ከቦርሳዋ የላማችንን ፎቶግራፍ አወጣች። «ጥቅምት ላይ ትወልዳለች። እሷን ጥዬ የት እቀራለሁ?» አለች። እስከ ዛሬ ቪዛውን ያስገኘችው ላሟ ናት ብዬ አምናለሁ።

ቀጥሎ «ለምንድን ነው የምትሄዱት?» ተባለ። እኔ «ለጉብኝት» አልኩ። እሷ «ለጥየቃ» አለች። አስተርጓሚው ልጅ ሁለታችንንም በአንድ የፈረንጅ ቃል ጠቅልሎ አቀረበን። ያን ጊዜ ስህተቱን እኔም አላየሁበትም። ነገሩ ቆይቶ ነው የገባኝ። የሚጎበኘው ሙዚየም፣ ፏፏቴ፣ ቤተ መንግሥት ነው፤ የሚጠየቀው ታማሚ፣ አራስ፣ እስረኛ። ጎብኚ ቲኬት ቆርጦ ይገባል፤ ጠያቂ ባዶ እጁን አይሄድም። ጎብኚ ፎቶ አንስቶ ሲወጣ ጨርሷል፤ ጠያቂ ከወጣ በኋላ እንቅልፍ የለውም።

ሁለት ሰው አራት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ከ92 ኪሎው የእኔ ድርሻ አንድ ሱፍ፣ አንድ ጥንድ ጫማና ያ ደብተር ነበር። ቀሪው በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ጭኮ ነው። ያለ ጭኮ ከአርሲ መውጣት ያለ መታወቂያ እንደ መውጣት ነው፤ የገብስ በሶ በተነጠረ ቅመም ቅቤ ታሽቶ ወር ቢቀመጥ የማይበላሽ፣ አንድ ጉርሻው እስከ ማታ የሚይዝ ስንቅ ነው። ልጄ በስልክ «እማዬ፣ ቅቤና ሥጋ አውሮፓ አይገባም፤ ሕግ ነው» ብላ ለምናት ነበር። «ቅቤ ማን ያዘ? ጭኮ ነው» አለቻት። ሮም ስንደርስ የጉምሩኩ ሰውዬ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተና ነገሩ ቅቤ መሆኑን ከእሷ ይልቅ አመነ። አንደኛውን ጣሳ ወሰደው። እሷ አልተጣላችውም፤ ልጇን ተርጉሚልኝ ብላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፦ «ልጆች አሉህ? እንዳትደፋው፣ ለእነሱ ውሰድላቸው።» ሌላው ጣሳ ሽሮው ውስጥ መቀበሩን ያወቅነው ቤት ከገባን በኋላ ነው። ጮሌነት በጋብቻ እንደሚገኝ ያኔ ተረዳሁ።

ባሕሩን በተመለከተ፦ ሜዲትራኒያንን የተሻገርነው ሌሊት ነው። በመስኮት ያየሁት የክንፉን መብራት ብቻ ነበር። «ግድ የለም፣ ሮም ለባሕር ቅርብ ናት» አልኩና ደብተሩን ዘጋሁ።

ሮም በሐምሌ እሳት ናት። እኛ የጮሌን ጭጋግና ጋቢ ለብሰን የወጣን ሰዎች በሁለተኛው ቀን እንደ ሻማ ቀለጥን። ይሁን እንጂ መምህር ነኝና ማስተማር አላቆምኩም። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ያለውን ሰፊ አደባባይ እያሳየሁ «ስሙ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ነው፤ በ1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸውን ወታደሮች መታሰቢያ ነው። እኛ ያሸነፍንበትን እነሱ አደባባይ አደረጉት!» አልኩ፣ ድሉን እኔ ያገኘሁት ይመስል ደረቴን ነፍቼ። ባለቤቴ አላፊ አግዳሚውን እያየች «ነፍስ ይማር። እነሱም እናት ነበራቸው» አለች። ደረቴ ተነፈሰ።

ኮሎሲየም ደረስን። ከ50 ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ፣ 2000 ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ነው ብዬ ሳልጨርስ ዙሪያውን አየችና «ገንዘብ አልቆባቸው ነው ጣሪያውን ሳይከድኑ የተዉት?» አለች። ከጎኑ የቆስጠንጢኖስ ቅስት አለ። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን ያሸነፈው እዚያ ሥር ሲገባ ነው፦ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእኛ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ማታ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ድንጋዩ ላይ እግሬን አስቀምጬ ሰዓቱን ስነግራት «ማታ ነው አልክ? በባዶ እግሩ? ማን ውሃ አሞቀለት?» አለችኝ። ይህ ጥያቄ በየትኛውም የስፖርት ጋዜጣ ላይ ተጠይቆ አያውቅም።

ከዚያ በደብተሬ ተራ ቁጥር 6 ወደተመዘገበው ቦታ ወሰድኳት። የአክሱም ሐውልት የቆመበት ቦታ ነው፤ ማለቴ የሌለበት። በፋሽስት ዘመን በ1937 እ.ኤ.አ. ተወስዶ ሮም ላይ ተተከለ፤ አበበም ሲሮጥ አጠገቡ አልፏል። በ1997 ዓ.ም. 24 ሜትሩ ሐውልት ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን አገሩ ገባ፤ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ አክሱም ላይ ቆመ። ልጄ «አባዬ፣ ሰው የሌለ ነገር ለማየት ይሄዳል?» አለች። እኔም ጥቂት አፈርኩ፤ ፎቶ ላንሳ ብል የማነሳው አየር ነው። ባለቤቴ ግን ባዶውን ስታይ ፊቷ በራ። «ልጠይቀው መጥቼ ተፈቷል ካሉኝ ምን ይከፋኛል?» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። መኪናዎቹ ቀስ አሉ። ሮም ውስጥ በባዶ ቦታ እልል ያለች የመጀመሪያዋ ሴት ሳትሆን አትቀርም።

ትሬቪ ፏፏቴ ላይ ሰው ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶ በትከሻው ላይ ሳንቲም ይወረውራል። ገንዘቡ የት ይገባል ብላ አስጠየቀች፤ ተሰብስቦ ለችግረኞች መርጃ ይውላል ተባለች። ደስ አላት። ግን ዞራ ቆማ፣ ፊቷን ወደ ውሃው አድርጋ ጣለች። «ለነዳይ ጀርባ ተሰጥቶ አይመጸወትም።»

ልጃችን ሮም ውስጥ አንዲት አሮጊት ጣልያናዊት ትጦራለች። ብዙ የአገራችን ሴቶች እዚያ የሚሠሩት ሥራ ነው፤ የዕረፍት ጊዜዋ ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ ነው። አንድ ቀን አሮጊቷ ዘንድ ወስዳ አስተዋወቀችን። አሮጊቷና ባለቤቴ ቋንቋ የላቸውም፤ ግን ጉንጭ ለጉንጭ ተነካክተው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቤቱን ሊያዩ ወደ ጓዳ ገቡ። እኔ ሳሎን ውስጥ የጥንት ካርታ በግድግዳ ላይ አግኝቼ ነበር፤ ኢትዮጵያን ወደ ኮንጎ አስጠግቷታል፤ ስህተቱን ስለቅም ቆየሁ። ሲመለሱ ባለቤቴ ዝም ብላለች። የሙቀቱ ነው ብዬ አሰብኩ።

ባሕሩ ለሐሙስ ተቀጥሮ ነበር። ኦስቲያ በባቡር ቅርብ ነው። ባለቤቴ ግን «ልጄ በሳምንት አንድ ሐሙስ ነው ያላት፤ ሐሙሷን ለውሃ አልሰጥም» አለች። ሐሙስን ቤት ተቀምጠን ቡና አፈላን፤ የልጇን ፀጉር ሹሩባ ስትሠራ ዋለች። ደብተሬ ላይ ተራ ቁጥር አንድን ወደ ጀርመን አዛወርኩት፤ ኮሎኝ ባሕር እንደሌላት ለራሴ ሳልነግረው።

ኮሎኝ። ልጃችን የብቸኛ ወንድ ቤት ነው ብሎ ያስገባን ቤት እንደ ሆስፒታል ተወልውሏል። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ባለቤቴ መኝታ ቤት ገብታ አልጋ ሥር አየች። የሴት ጫማ፣ ቁጥር 38። ይዛው ወጣችና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። «ጫማዋ እዚህ ከሆነ እግሯ የት ነው? ክረምቱን ሙሉ ልጅቷን የት ልታሳድራት ነው? ጥራት።» ልጅቷ በማግስቱ እናቷ ቤት ከከረመችበት ቦርሳዋን ይዛ መጣች፤ እየፈራች። ባለቤቴ ከሽሮው ውስጥ የተረፈውን ጭኮ አውጥታ በእጇ አጎረሰቻት። አንድ ጉርሻ፣ ሁለት ጉርሻ። ጀርመናዊቷ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ በደስታ ይሁን በሚጥሚጣ ትንሽ አጠራጠረኝ። ልጄ በበኩሉ ለእኔ እስከ ዛሬ ያልነገረኝን ለእናቱ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያወራ አመሸ።

የኮሎኝ ካቴድራል 157 ሜትር ወደ ሰማይ ይወጣል። ሥራው በ1248 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ1880 አለቀ። 632 ዓመት! ባለቤቴ ቁጥሩን ሰምታ አማተበች። «የእኛን ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ዘገየ ብዬ ያማሁትን ይቅር ይበለኝ» አለች። ውስጡ በወርቅ የተለበጠ ሳጥን አለ፤ የሰብአ ሰገል አፅም ነው የሚባለው ያረፈበት ነው። ከሰብአ ሰገል አንዱ የእኛው ንጉሥ ባዜን ነው የሚሉ አባቶች ስላሉን ነገሩ የቤተ ዘመድ ሆነ። «ባዜን እዚህ ምን ይሠራል?» አለች። በ1164 እ.ኤ.አ. በጦርነት ጊዜ ከሚላን ተወስዶ የመጣ መሆኑን ነገርኳት። «የተማረከ ነው በለኛ!» ብላ ነጠላዋን አደግድጋ ሰገደች። ወጥተን ደረጃው ላይ ስንቀመጥ «አደራ፣ ጠይቄው መምጣቴን ለአባ ንገርልኝ፤ እኔ ብነግራቸው አያምኑኝም» አለች።

የእኔ ድርሻ ቢራ ቤቱ ነበር። የአርሲ ሰው ገብስ ወደ ምን እንደሚለወጥ ማየት ግዴታው ነው፤ አሰላ ላይ የብቅል ፋብሪካ ያለን ሰዎች ነን። ኮሎኞች ኮልሽ የሚሉትን ቢራቸውን በቀጭን ብርጭቆ፣ ሁለት መቶ ሚሊ ብቻ እያደረጉ ያቀርባሉ። አንዱን ጨረስኩ፤ አስተናጋጁ ሳልጠይቅ ሌላ አስቀመጠ። ይሉኝታ አለብኝና ጠጣሁ። ሌላ መጣ። «በሞቴ» ሳይል የሚያስገድድ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ሰባተኛው ላይ ልጄ ሳቁን መያዝ አቅቶት «አባዬ፣ በቃኝ ለማለት የብርጭቆውን ማስቀመጫ ካርቶን ከላይ መክደን ነው» አለኝ። እኛ አገር በመዳፍ የምንከድነውን እነሱ በካርቶን ይከድናሉ፤ ከዚያ ውጪ ልዩነት አላየሁም።

ራይን ወንዝን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ በሆሄንዞለርን ድልድይ ላይ ቆሜ። እንባዬ መጣ። ይህን ወንዝ ስንት ጊዜ በጠመኔ አፍስሼዋለሁ! «ርዝመቱ 1320 ኪሎ ሜትር» አልኩ ለልጄና ለልጅቷ። ልጅቷ ስልኳን ነካካችና በትህትና አንድ ነገር ተናገረች፤ ልጄ ተረጎመ። ለብዙ ዘመን መጻሕፍት ሁሉ 1320 ሲሉ ኖረው በ2010 እ.ኤ.አ. አንድ የኮሎኝ ምሁር ቢመረምረው 1230 ያህል ነው፤ ድሮ አንዱ ቁጥሮቹን አዛውሮ ጽፎት ሌላው እየተከተለ ገልብጦት ነው። 33 ዓመት ሙሉ ለጮሌ ልጆች 90 ኪሎ ሜትር የሌለ ወንዝ ሳጠጣ ኖሬያለሁ። በፈተና ላይ 1320 ያልጻፈውን ደግሞ ኤክስ አድርጌበታለሁ።

ድልድዩ ላይ የባቡሩን ሐዲድ ከእግረኛው የሚለየው አጥር በሺዎች በሚቆጠሩ ጓጉንቸሮች ተሸፍኗል። ፍቅረኞች ስማቸውን ጽፈው ይቆልፉና ቁልፉን ወንዝ ይጥላሉ። የቢራው ድፍረት አልለቀቀኝም ነበር፤ ከሻንጣችን ላይ ጓጉንቸሩን ፈትቼ ይዤ መጥቻለሁ። «እኛም 40 ዓመታችን ነው፤ እንቆልፍ» አልኩ። ባለቤቴ ሳቀች፤ ቆለፍን፤ ቁልፉን ወርውሪ ብዬ ሰጠኋት። ቁልፉን መዳፏ ላይ አድርጋ ቆየች። ልጆቹ ራቅ ብለው ነበር።

«የልጅህን ቤት ቁልፍ አይተኸዋል?» አለችኝ።

«የየትኛው ልጅ?»

«የሮሟ። ቁልፉ ላይ የሌላ ሰው ስም በፕላስተር ተለጥፎበት ነበር። የገባን ለት ወጥ ስትሠራ ጨው ፍለጋ ሦስት ቁም ሳጥን ከፈተች። ሰው በራሱ ቤት ጨው የት እንዳለ ያጣል?»

ዝም አልኩ።

«የሰው ቤት ተውሳ ነው የተቀበለችን። አሮጊቷ ጓዳዋን ስታሳየኝ ጠባቧ ክፍል ውስጥ አልጋው ላይ ያኔ የላክሁላት ጋቢ ተነጥፏል። ልጄ የምታድረው እዚያ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሻትም?»

«ጠየቅኋት እንጂ። ጨው የት አለ? አልኳት። ደነገጠች። ከዚያ በኋላ ምን ልጠይቅ?» አለችና ቁልፉን ወረወረችው። እኔ በዚያው ሁለት ሳምንት ሮም ውስጥ 412 ፎቶግራፍ አንስቻለሁ። አንዱም ውስጥ ወጥ ቤቱ የለም።

ከኮሎኝ ለንደን የሄድነው በባቡር ነው፤ ብራስልስ ላይ ተቀይሮ። መንገዱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ካርታው ላይ በፈረንሳይና በእንግሊዝ መካከል ያለው ሰማያዊ የሚታለፍ አይደለምና፤ ተራ ቁጥር አንድ ሊፈጸም ነው። ሻንጣችን ጓጉንቸሩን ራይን ላይ ስላጣ በባለቤቴ መቀነት ታስሯል። በመስኮቱ ተለጥፌ ቆየሁ። ሜዳ፣ ላሞች፣ አጥር፣ ከዚያ በድንገት ጨለማ። ሃያ ደቂቃ ያህል ጨለማ። ሲበራ እንግሊዝ ነው። ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው፣ በ1994 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ዋሻ ባሕሩን በሥሩ አሳልፎን ኖሯል። ባሕር ላይ ሳይሆን ባሕር ሥር አልፌ የማላውቀውን አገር ደረስኩ። ባለቤቴ ቆሎ እየቆረጠመች «አለፍነው? ጥሩ። ውሃ እፈራለሁ» አለች።

ለንደን ስንገባ ፍልሰታ ገብቷል። ትንሿ ልጃችን ሌሊት የምትሠራ ነርስ ናት፤ ቀን ትተኛለች። ባለቤቴ በእግር ጣቷ እየሄደች የጾም ወጥ ትሠራለች፤ እኔ በእግር ጣቴ እየሄድኩ ደብተሬን አያለሁ። በዕረፍቷ ቀን ብሪቲሽ ሙዚየም ወሰደችን፤ መግቢያው በነጻ ነው። ተራ ቁጥር 22፣ የሮዜታ ድንጋይ። ባለቤቴ ግን ማለዳ ተነስታ ነጭ ለብሳለች። በር ላይ ቦርሳ ሲፈተሽ ጧፍ፣ ቆሎ፣ በሃይላንድ የተሞላ ጸበል ወጣ። ጥበቃው ግራ ተጋባ፤ ልጄ ተንተባተበች።

ጉዳዩ ይህ ነው። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲወድቁ የእንግሊዝ ጦር ከዘረፈው መካከል 11 ታቦታት እዚያ ሙዚየም ውስጥ አሉ። ለሕዝብ አይታዩም፤ በዝግ ክፍል ተሸፋፍነው ተቀምጠዋል፤ የሙዚየሙ ሰዎች እንኳ አያዩአቸውም። ሊያያቸው የሚችለው የቤተ ክርስቲያናችን ካህን ብቻ ነው። ስለዚህ በዓለም ከታወቁት ሙዚየሞች በአንዱ ውስጥ ማንም እንዳያያቸው የሚጠበቁ ነገሮች አሉ ማለት ነው። ለጎብኚ ይህ እንቆቅልሽ ነው። ለጠያቂ ግን ምንም አይደለም፤ እስረኛም ሁልጊዜ አይታይም፣ ስሙን ጠርተህ ከበር ትመለሳለህ።

ባለቤቴ ደረጃው ሥር ጫማዋን አወለቀች፤ ሦስት ጊዜ ሰገደች፤ ዓምዱን ተሳለመች። ቱሪስቶቹ የሚያነሱት ነገር አገኙ። «ማን ያጥንላቸዋል?» ብላ ልጇን ጠየቀች። «ለጥምቀትስ ያወጧቸዋል?» ልጄ ለጥበቃው ተረጎመችለት። ሰውየው ትንሽ አሰበና ባርኔጣውን አወለቀ፤ ጫማዋን ሰው እንዳይረግጠው ወደ ግድግዳው አስጠጋላት። እኔ ገብቼ ሮዜታን በሰው ራስ ላይ በቁራጭ አየሁት፤ ፎቶ አነሳሁ፤ ወጣሁ። እዚያው ቆማለች።

«አየሃቸው?» አለችኝ።

«አይታዩም።»

«እኔም አላየኋቸው። ግን ጠየቅኋቸው።»

በማግስቱ ዊንዘር እንሂድ አለች፤ ደብተሬ ላይ አልነበረም። የቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ፣ በሰባት ዓመቱ ከመቅደላ ተወስዶ በ18 ዓመቱ በ1879 እ.ኤ.አ. በሰው አገር ያረፈው፣ እዚያ ነው የተቀበረው። ቤተ መንግሥቱን አላየችም፤ ዘቦቹንም አላየችም። ጸሎት ቤቱ ውስጥ ጥቂት ቆመችና ትንሿን ልጃችንን እጇን ይዛ «ብርድ ልብስ ይበቃሻል?» አለቻት። ልጅቷ «እማዬ፣ ነሐሴ እኮ ነው» አለች። እኔ በዚያች ደቂቃ ደብተሬን ኪሴ ከተትኩት። ደግሜ አላወጣሁትም።

የተመለስነው በሌሊት አውሮፕላን ነው።

ጮሌ ስንገባ የገብሱ ማሳ ለምልሟል፤ ላሟ ሆዷ ሰፍቷል። የዚያኑ ለት ማታ ቤቱ ሞላ። ጎረቤቶቻችን ሐጂ ማር ይዘው፣ አዴ ወተት በቅል ይዘው፣ የቀበሌው ሰው እንቁላል ይዘው፤ ባዶ እጁን የመጣ የለም። ሁለት ወር ሙሉ ጠያቂ ሆነን ከርመን ተጠያቂ ሆንን። ስልኬን አውጥቼ 1143 ፎቶግራፍ ማሳየት ጀመርኩ። ኮሎሲየም። «እህ» አሉ። ካቴድራሉ። «እህ።» ባዶው የሐውልት ቦታ። «ምንድን ነው ይሄ?» ወደ ሃያኛው ላይ አዴ ስልኩን በእጃቸው ገፋ አደረጉና ወደ ባለቤቴ ዞሩ።

«ተዪው ድንጋዩን። ልጆቹስ? የሮሟ ቤት አላት?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ቡናው ይንጨለጨላል። እኔ ባለቤቴን አላየኋትም፤ ወለሉን ነው ያየሁት። ድልድዩ ላይ የወረወረችው ቁልፍ ሲወድቅ የሰማሁት ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

«ልጄማ ምን ጎደላት!» አለች ባለቤቴ፣ ስኒውን እያቀበለች። «ቤቷ ሰፊ ነው። ጨው የት እንዳለ በጨለማ ታገኘዋለች።»

«ተመስገን» አሉ አዴ። «ቤቷን የምታውቅ ሴት ናት።» ሁሉም ተመስገን አለ። ባለቤቴ ጀበናውን አነሳች፤ እጇ ትንሽ ተንቀጠቀጠ።

ከበሩ አጠገብ አንድ ልጅ ቆሟል፤ የድሮ ተማሪዬ ልጅ ነው፣ አምስተኛ ክፍል። እጁን አወጣ፣ ክፍል ውስጥ እንዳለ። «ቲቸር፣ ባሕሩን አዩት?»

በጉዞው ሁሉ ለዚህ ጥያቄ ስዘጋጅ ነበር። አውሮፕላኑ በሌሊት ሄደ፣ ሐሙሷ ለቡና ዋለች፣ ባቡሩ በዋሻ አለፈ፤ እውነቱን ነግሬ እንደማላፍር ወስኜ ነበር። 90 ኪሎ ሜትር ከበላሁ ወዲህ ልጆችን ላለማታለል ምዬአለሁ። ግን ክፍሉ ውስጥ ያለው ዓይን ሁሉ አሁንም ባለቤቴ እጅ ላይ ነው።

«አየሁት» አልኩ ጮክ ብዬ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። «ሰማያዊ ነው። ልጄ ናት የወሰደችኝ፤ ከቤቷ ብዙ አይርቅም።»

«ጨውስ? እውነት ጨው አለው?»

ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ። ከ40 ዓመት ወዲህ እንዲህ አይታኝ አታውቅም።

«አለው» አልኩ፣ ከንፈሬን ላስ አድርጌ። «ማንም ሳያሳይህ ታገኘዋለህ።»